መለያው አንድ፣ ትእዛዙ ብዙ፦ ትንንሽ ፕሮቲኖች ሌሎችን ፕሮቲኖች እንዴት ይቆጣጠራሉ?

ኤችአይኤፍ-1አልፋ የሚባል ፕሮቲን አለ። ሕዋሳታችን ይህን ፕሮቲን ሌት ተቀን ያመርቱታል፤ እንዳመረቱትም ወዲያው ያፈርሱታል። በቂ ኦክስጅን ባለበት ሕዋስ ውስጥ ዕድሜው ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ላይ ላዩን ለሚያይ የለየለት ብክነት ነው፤ ጉልበት አፍስሶ የሠሩትን እንደገና ጉልበት አፍስሶ ማፍረስ ምን የሚሉት አሠራር ነው? ነገሩ የሚገባን ኦክስጅን ድንገት ሲያንስ ነው። ያን ጊዜ ሕዋሱ አዲስ ፕሮቲን እስኪሠራ ድረስ መጠበቅ የለበትም፤ ማፍረሱን ማቆም ብቻ ይበቃዋል። ምርቱ እንደወትሮው ስለሚቀጥል ኤችአይኤፍ ወዲያው ይከማቻል፣ ወደ ኒውክለስ ይዘልቃል፣ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲያድጉና ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲበዙ የሚያደርጉ ጂኖችን ይቀሰቅሳል።

ይፍረስ የሚለውን ትእዛዝ የሚያደርሰው ሌላ ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ ዩቢኩዊቲን ይባላል። ሊፈርስ ያለው ፕሮቲን ላይ በጠንካራ ኬሚካዊ ትስስር ይለጠፋል፣ አፍራሹ ማሽንም በእሱ ለይቶ ያውቀዋል። መለያው የሚለጠፍበት መንገድ በተለይ ያስገርማል። ኦክስጅን ሲኖር ልዩ ኢንዛይሞች ኤችአይኤፍ ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮሊን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ላይ ኦክስጅን ይጨምራሉ። ቪኤችኤል የሚባል ፕሮቲን የሚያውቀው ይህን ለውጥ ነው፤ ሲያገኘው ይይዘዋል፣ ዩቢኩዊቲንም ያስለጥፍበታል። ኦክስጅን ከሌለ ለውጡ የለም፤ ለውጡ ከሌለ ቪኤችኤል ኤችአይኤፍን እንዳላየ ያልፈዋል። የቪኤችኤል ጂን በተበላሸበት ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ሞልቶ ተርፎ ሳለ ሕዋሱ እንደታፈነ ሆኖ ይኖራል። ኤችአይኤፍ ይከማቻል፣ የደም ሥር ይበዛል፣ አንድ የታወቀ የኩላሊት ካንሰር ዓይነትም የሚነሣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ የ2019ን የሕክምና ኖቤል የወሰዱት ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዴት እንደሚያውቁ በማስረዳታቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዩቢኩዊቲን በብዙ መጻሕፍትና የዜና ዘገባዎች «የሞት ምልክት» ተብሎ ይጠራል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፣ ግን ጎደሎ ነው። ጉድለቱ ደግሞ የቃላት ጉዳይ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ ዛሬ የመድኃኒት ኩባንያዎች ከፍተኛ ገንዘብ እያፈሰሱበት ያለው ፕሮቲን የማስፈረስ ዘርፍ የት እንደሚሳካና የት እንደሚደናቀፍ ለመረዳት ምልክቱ ከሞት ውጭ ምን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ግድ ይላል።

አለጣጠፉ

ዩቢኩዊቲን 76 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ነው፤ ብዙዎቹ ፕሮቲኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዳላቸው ስናስብ ጢንጥ ነው። ኒውክለስ ያላቸው ሕያዋን ሁሉ አላቸው። የእርሾንና የሰውን ዩቢኩዊቲን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ከ76ቱ አሚኖ አሲዶች የሚለያዩት 3ቱ ብቻ ናቸው። ሰውና እርሾ ከተለያዩ ከቢሊዮን ዓመት በላይ ሳይሆን አይቀርም፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን ያህል ሳይነካ የቆየ ፕሮቲን እምብዛም አይገኝም። እያንዳንዱ ገጽታው አንድ የሚያነበው ነገር ስላለ ለመለወጥ ነጻነት አላገኘም ማለት ነው።

ሥራው የሦስት ዓይነት ኢንዛይሞች ቅብብል ነው። ኢ1 የሚባለው ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ማገዶ አቃጥሎ ዩቢኩዊቲንን ያነቃዋል። ኢ2 ከእሱ ይቀበላል። ኢ3 በበኩሉ ኢላማውን ፕሮቲን ለይቶ ይይዝና ዩቢኩዊቲኑ ላይሲን በተባለ አሚኖ አሲድ ላይ እንዲጣበቅ ያደርጋል። ቁጥራቸውን ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል፦ ሰው ውስጥ ኢ1 ሁለት ብቻ ነው፤ ኢ2 ወደ 40 ይጠጋል፤ ኢ3 ግን ከ600 ይበልጣል። ማን ይለጠፍበት የሚለውን የሚወስነው ኢ3 ስለሆነ ነው እንዲህ የበዛው። ከላይ ያነሣነው ቪኤችኤልም የአንድ ኢ3 ክፍል ነው። የተለጠፈውን የሚያነሡ ወደ 100 የሚጠጉ ሌሎች ኢንዛይሞችም አሉ፤ ስለዚህ መለያው በማንኛውም ሰዓት ሊነሣ ይችላል። አንድ ፕሮቲን ላይ ምን ያህል ዩቢኩዊቲን እንዳለ መጠየቅ በለጣፊዎቹና በአንሺዎቹ መካከል ያለው ትግል የት እንደደረሰ መጠየቅ ነው።

ከቀይ የደም ሕዋስ ጭማቂ

ፕሮቲንን ለማፍረስ ጉልበት ለምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። በ1953 ሜልቪን ሲምፕሰን የጉበት ቁራጮችን ሲመረምር ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን ሲፈርስ ጉልበት እንደሚበላ አስተዋለ። ይህ እንቆቅልሽ ነበር፤ ሆዳችን ውስጥ ያሉት የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች ፕሮቲን ለመቆራረጥ አንዲት ኤቲፒ አያስፈልጋቸውም።

መልሱ የመጣው ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ በእስራኤል ሃይፋ ከተማ ካለው ከቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ነው። አቭራም ሄርሽኮና ተማሪው አሮን ቺካኖቨር፣ ከፊላደልፊያው ኢርዊን ሮዝ ጋር በመተባበር፣ ገና ካልጎለመሱ የጥንቸል ቀይ የደም ሕዋሳት በተጨመቀ ፈሳሽ ሠሩ። ፈሳሹን ለሁለት ሲከፍሉት አንዱም ለብቻው ፕሮቲን አያፈርስም፤ ሲቀላቅሏቸው ግን ሥራው ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል በሄሞግሎቢን የተሞላ ቀይ ነበር፤ የሚፈልጉትን ነገር ከዚያ ሁሉ ሄሞግሎቢን መሀል ማጥራት አስቸገራቸው። ስለዚህ በሙቀት ሞከሩት። አብዛኛው ፕሮቲን ሲሞቅ ይረጋል፤ ሄሞግሎቢኑም ረግቶ ወደ ታች ዘቀጠ። ከላይ የቀረው ጥርት ያለ ፈሳሽ ግን ሥራውን ምንም ሳይጎድልበት ይሠራ ነበር። የሚፈልጉት ነገር ሙቀት የማይበግረው ትንሽ ፕሮቲን ነበር ማለት ነው።

በ1980 ባሳተሟቸው ጽሑፎች ያልተጠበቀውን ነገር አሳዩ። ይህ ትንሽ ፕሮቲን ሊፈርስ ባለው ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል፤ አንድ ሳይሆን ብዙ ቅጂው። ጉልበት ከሚጠፋባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ ምርጫው። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ያ ምሥጢራዊ ፕሮቲን ጊዲዮን ጎልድስታይን በ1975 ያገኘው ዩቢኩዊቲን መሆኑን አረጋገጡ። ሄርሽኮ፣ ቺካኖቨርና ሮዝ የኬሚስትሪ ኖቤልን የተቀበሉት በ2004 ነው።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ዩቢኩዊቲን የተለጠፈበት ፕሮቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው ከሃይፋው ግኝት በፊት፣ በ1977 ነው። ፕሮቲኑ ሂስቶን ኤች2ኤ ሲሆን ዲኤንኤ ከሚጠመጠምባቸው አንዱ ነው። መለያው ቢለጠፍበትም አይፈርስም። ዛሬ እንደምናውቀው እዚያ ቦታ ላይ ያለው ዩቢኩዊቲን የሚሠራው ጂን ዝም በማሰኘቱ ሥራ ነው። በሌላ አነጋገር የሞት ምልክት የሚለው ስም ከመውጣቱ በፊት ለስሙ የማይገዛው ምሳሌ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። የኖቤሉ ታሪክ ስለደመቀ ነው ሂስቶኑ ወደ ጥግ የተገፋው።

ሰንሰለቱ እንዴት ተያያዘ?

ዩቢኩዊቲን ራሱ ሰባት ላይሲኖች አሉት። ስለዚህ በአንዱ ዩቢኩዊቲን ላይ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ እየተቀጠለ ሰንሰለት ይሆናል። ቅጥያው በሰባቱ ላይሲኖች በየትኛውም ወይም በመጀመሪያው አሚኖ አሲድ ሊሆን ስለሚችል ስምንት ዓይነት ማያያዣ አለ ማለት ነው፤ እየተቀላቀሉና ቅርንጫፍ እያወጡ ሲሄዱ ደግሞ ቁጥሩ ይበዛል። ሰንሰለቱ የሚይዘው ቅርጽ እንደ ማያያዣው ይለያያል፤ ቅርጹን የሚያነቡት ፕሮቲኖችም እንዲሁ።

በ48ኛው ላይሲን የተያያዘው ሰንሰለት ያ የታወቀው የሞት ትእዛዝ ነው። ፕሮቲያሶም የተባለው ግዙፍ ማሽን ይቀበለዋል፣ ፕሮቲኑን ይዘረጋዋል፣ ውስጡ ባዶ በሆነ በርሜል መሳይ ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ ይቆራርጠዋል፤ ዩቢኩዊቲኖቹን ግን እየነቀለ ለሌላ ጊዜ ያተርፋቸዋል። በ63ኛው የተያያዘው ሰንሰለት ግን በአብዛኛው ከማፍረስ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የዲኤንኤ ጥገና፣ የመከላከያ መልእክቶች ማስተላለፍ፣ ከሕዋሱ ገጽ ተቀባዮችን ወደ ውስጥ ማስገባት የሚሉት ናቸው ሥራዎቹ። ጫፍ ለጫፍ ቀጥ ብሎ የሚሠራው ሰንሰለት እብጠትን ለሚመሩ መልእክቶች መድረክ ይሆናል። ሌሎቹን ዓይነቶች እዚህ አልዘረዝርም፤ ዝርዝሩ ነገሩን ከማጥራት ይልቅ ያደበዝዘዋል።

አንዱን ቦታ ቀርበን ብናየው ይሻላል። ፒሲኤንኤ የሚባለው ፕሮቲን ሦስት ሆኖ ቀለበት ይሠራል፤ ዲኤንኤን ከብቦ እየተንሸራተተ ዲኤንኤ የሚገለብጠውን ኢንዛይም አብሮ ይይዛል። የፀሐይ ጨረር የጎዳው ቦታ ላይ ሲደርሱ ገልባጩ ይቆማል፤ የተጎዳውን ፊደል ማንበብ አይችልም። ቆሞ ቢቀር ሕዋሱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ሁሉ ነገር የሚወሰነው በፒሲኤንኤ 164ኛ አሚኖ አሲድ፣ በአንዲት ላይሲን ላይ ነው። አንድ ዩቢኩዊቲን ብቻ ከተለጠፈባት የተለየ ዓይነት ገልባጭ ኢንዛይም ይጠራል። ይህኛው የተጎዳውን ፊደል አልፎ መጻፍ ይችላል፤ ፍጥነት አለው፣ ለስሕተት ግን የተጋለጠ ነው። በዚያች አንዲት ዩቢኩዊቲን ላይ በ63ኛው ላይሲን በኩል ሰንሰለት ከተቀጠለ ደግሞ ሕዋሱ ሌላ ዘዴ ይመርጣል፤ የተጎዳውን ፊደል ትቶ አጠገቡ ካለው አዲስ ከተገለበጠው መንታ ላይ ይቀዳል። ይሄ ስሕተት የለበትም። እርሾ ውስጥ በዚያችው ላይሲን ላይ ሱሞ የሚባል ሌላ ትንሽ ፕሮቲን ሲለጠፍ ደግሞ የዲኤንኤ ክሮች ያለጊዜያቸው እንዳይቀላቀሉ የሚከለክል ፕሮቲን ይመጣል። የዚህን ሥዕል መሠረት በ2002 የጣለው ጀርመን ውስጥ በማክስ ፕላንክ ተቋም ይሠራ የነበረው የሽቴፋን የንሽ ቡድን ነው።

ልብ በሉ፤ በሦስቱም ሁኔታ ፒሲኤንኤ አይሞትም። አንድ ቦታ ላይ ሦስት የተለያዩ መለያዎች ሦስት የተለያዩ ሠራተኞችን ጠሩ። መለያው ራሱ ምንም አይሠራም፤ የሚሠራው አይቶት የሚመጣው ነው። የመጀመሪያው መለያ ከሚጠራቸው ገልባጮች አንዱ በጨረር የተጎዱ ፊደላትን በተለይ አሳምሮ ያልፋል። ይህ ገልባጭ የሌላቸው ሰዎች ለፀሐይ ክፉኛ የተጋለጡ ናቸው፤ ገና በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው የቆዳ ካንሰር ያገኛቸዋል። መለያው በትክክል ቢለጠፍም የሚያነበው ከሌለ ፋይዳ የለውም።

ሱሞና ዘመዶቹ

ሱሞ ከዩቢኩዊቲን ጋር በአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል የሚመሳሰለው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ባነሰ ነው፤ በቅርጽ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የታወቀው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዩቢኩዊቲን በተቃራኒ ኢ2ው አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ኢንዛይም የሺህ ፕሮቲኖችን ሥራ ይሠራል።

ስለ ሱሞ የሚገርመው መጠኑ ነው። አንድን ፕሮቲን ወስደን ብንመረምር በማንኛውም ቅጽበት ሱሞ የተለጠፈበት ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ሆኖ እናገኛለን፤ ሆኖም ሱሞ የሚለጠፍባትን ላይሲን ብናጠፋት ጠቅላላው የፕሮቲኑ ሥራ ይቃወሳል። ይህ እንዴት ይሆናል? ሚዛን የሚደፋው ማብራሪያ መለያው የሚያስፈልገው ለመነሻ ነው የሚል ነው። ሱሞው ፕሮቲኑን ወደ አንድ ስብስብ ያስገባዋል፤ ከገባ በኋላ ሱሞው ቢነሣም ፕሮቲኑ እዚያው ይቆያል። እኔ ይህን ማብራሪያ የምወደው ቀላል ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሱሞ ብዙ ጊዜ በአንድ አካባቢ ያሉ ብዙ ፕሮቲኖች ላይ በጅምላ ሲለጠፍ የሚታይበትን ምክንያትም ያስረዳል።

ሁለቱ መለያዎች ተቀባብለው ሲሠሩ የታየበት ምሳሌ ከሕክምና የመጣ ነው። አጣዳፊ ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር የሚነሣው 15ኛውና 17ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠው ሁለት ፕሮቲኖች በግድ አንድ ላይ ሲሰፉ ነው። ይህ ቅጥል ፕሮቲን ነጭ የደም ሕዋሳት እንዳይጎለምሱ ያግዳቸዋል። የቻይና ሐኪሞች በሃርቢን ከተማ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሽታውን በአርሴኒክ ያክሙ ነበር፤ አዎ፣ በመርዝነቱ በሚታወቀው በአርሴኒክ። ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ ለምን እንደሚሠራ ግን ለረጅም ጊዜ በደንብ አልታወቀም። በ2008 የወጡ ጥናቶች ጉዳዩን ፈቱት። አርሴኒክ ከቅጥሉ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ሱሞ በሰንሰለት ይለጠፍበታል። አርኤንኤፍ4 የተባለው ኢ3 የሱሞውን ሰንሰለት ያነባል፣ በዚያ ላይ ዩቢኩዊቲን ይጨምራል፣ ፕሮቲያሶምም ፕሮቲኑን ያጠፋዋል። አንዱ መለያ ሌላውን ጠራ ማለት ነው። ዛሬ አርሴኒክ ከቫይታሚን ኤ ዘመድ መድኃኒት ጋር ተዳምሮ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ኬሞቴራፒ፣ አብዛኞቹን ታማሚዎች ይፈውሳል። በአንድ ወቅት በጥቂት ሳምንታት ይገድል የነበረ በሽታ ነው።

ሌሎችም ዘመዶች አሉ። ኔድ8 የኢ3ዎችን አንድ ትልቅ ቤተሰብ ያነቃል፤ ማለትም ለጣፊዎቹ ራሳቸው መለያ ይለጠፍባቸዋል። አይኤስጂ15 ደግሞ ቫይረስ ሲገባ ኢንተርፌሮን በተባለው የመከላከያ መልእክተኛ ትእዛዝ ይመረታል። የኮቪድ-19 ቫይረስ ካሉት ኢንዛይሞች አንዱ አይኤስጂ15ንና ዩቢኩዊቲንን ከፕሮቲኖች ላይ ይቆርጣል፤ ቫይረሱ ይህን ቢላ ይዞ መዞሩ መለያዎቹ ለመከላከያችን ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ ይመሰክራል።

ጠላትም ያውቀዋል

የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ከዚህም ይራቀቃል። ፒ53 የጂን ጉዳት የደረሰበትን ሕዋስ የሚያስቆም ወይም እንዲሞት የሚያደርግ ፕሮቲን ነው፤ ለካንሰር ትልቅ እንቅፋት ነው። አደገኞቹ የኤችፒቪ ዓይነቶች ኢ6 የተባለ ፕሮቲን ይሠራሉ (ስሙ ቢመሳሰልም ከኢ1፣ ከኢ2ና ከኢ3 ወገን አይደለም)። ይህ ፕሮቲን ፒ53ን ራሱ አያፈርሰውም። ሰው ውስጥ ያለውን ዩቢኢ3ኤ የተባለ ለጣፊ ይይዝና ወደ ፒ53 ያመጣዋል። በተፈጥሮ ከፒ53 ጋር ጉዳይ ያልነበረው ኢንዛይም በሦስተኛ ወገን ምልጃ ዩቢኩዊቲን ይለጥፍበታል፤ ፒ53 ይጠፋል። ይኸው ኢንዛይም አንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ አለው። ከእናት የተወረሰው ቅጂው ሲጎድል አንጀልማን ሲንድሮም የሚባለው የአእምሮ እድገት ችግር ይከሰታል።

የቫይረሱን ዘዴ በአእምሯችሁ ያዙት፤ የመድኃኒት ቀማሚዎች ይህንኑ መንገድ ዘግይተው ደረሱበት።

ከማገድ ወደ ማስፈረስ

የመጀመሪያው ሙከራ ማገድ ነበር። ቦርቴዞሚብ ፕሮቲያሶምን የሚደፍን መድኃኒት ሲሆን መልቲፕል ማየሎማ ለሚባለው የአጥንት መቅኔ ካንሰር በ2003 በአሜሪካ ተፈቀደ። የማየሎማ ሕዋሳት ብዙ ፀረ እንግዳ ፕሮቲን ስለሚያመርቱ ቆሻሻቸው ሳይወጣ ሲቀር ከሌሎቹ ቀድመው ይወድቃሉ። መድኃኒቱ ለብዙዎች ዕድሜ ቀጥሏል። ነገር ግን ሁሉንም መለያ በአንድ ጊዜ ከንቱ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ የነርቭ ጉዳት ከሚታወቁት ጎጂ ውጤቶቹ አንዱ ነው። ኔድ8ን የሚያግደው ፔቮኔዲስታትም ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በ2021 በመጨረሻው ደረጃ ሙከራ የታሰበውን ውጤት ሳያስገኝ ቀረ። የመንገዱን መነሻ መዝጋት መልካምና ክፉውን ሳይለይ ይዘጋል።

ሌላው መንገድ የተገለጠው ከሕክምና ታሪክ ጨለማ ምዕራፎች በአንዱ በኩል ነው። ታሊዶማይድ በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለሽያጭ ቀርቦ ለእንቅልፍና ለእርግዝና ማቅለሽለሽ ይሰጥ ነበር። በ1961 ከገበያ እስኪነሣ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው አጥሮ ወይም ሳይኖራቸው፣ ወይም ሌላ ጉዳት ደርሶባቸው ተወለዱ። ለምን? ለግማሽ ምዕተ ዓመት መልስ አልተገኘም። በ2010 ታኩሚ ኢቶና ሂሮሺ ሃንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር መድኃኒቱ ሴሬብሎን ከሚባል ፕሮቲን ጋር እንደሚጣበቅ አሳዩ። ሴሬብሎን የኢ3 ክፍል ነው። ታሊዶማይድና ዘመዶቹ ሲጣበቁበት የሴሬብሎን ገጽ ይለወጥና ቀድሞ የማያውቃቸውን ፕሮቲኖች መያዝ ይጀምራል። የታሊዶማይድ ልጅ የሆነው ሌናሊዶማይድ ማየሎማን የሚያክመው ለካንሰሩ የሚያስፈልጉ ኢካሮስና አይኦሎስ የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን በዚህ መንገድ በማስጠፋት መሆኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታወቀ። በ2018 ደግሞ ሳል4 የሚባል ለፅንስ እጅና እግር አፈጣጠር የሚያስፈልግ ፕሮቲንም በዚያው መንገድ እንደሚጠፋ ታየ። ፈውሱና ጥፋቱ ከአንድ በር ነው የወጡት፤ ልዩነቱ በበሩ ማን መጣ የሚለው ብቻ ነው።

ታሊዶማይድ በአጋጣሚ የሠራውን ሆን ብሎ የመሥራት ሐሳብ ከሴሬብሎን ግኝት ይቀድማል። ክሬግ ክሩስና ሬይመንድ ዴሼስ በ2001 ፕሮታክ የተባለውን ሞለኪውል አስተዋወቁ። ሁለት እጅ አለው፤ በአንዱ ኢ3ን፣ በሌላው የሚጠፋውን ፕሮቲን ይይዛል። እንደ ደላላ ነው፦ ሁለቱን ያገናኛል፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ራሱ ሳይነካ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ተራ መድኃኒት ሥራ ለመሥራት የኢላማውን ወሳኝ ጉድጓድ ዘግቶ መቀመጥ አለበት፤ ፕሮታክ ግን የትም ቦታ ላይ ለአፍታ መያዝ ይበቃዋል። ስለዚህ የሚዘጋ ጉድጓድ የሌላቸው፣ ለረጅም ጊዜ መድኃኒት የማይደርስባቸው ተብለው የተተዉ ፕሮቲኖች ላይ ተስፋ ፈጠረ።

ተስፋው በምን ደረጃ ላይ ነው? የኢስትሮጅን ተቀባይን የሚያስፈርሰው ቬፕዴጀስትራንት ከፕሮታኮች መካከል የመጨረሻ ደረጃ ሙከራ ውጤት በማቅረብ የመጀመሪያው ነው፤ በ2025። የጡት ካንሰራቸው የተቀባዩ ጂን ለውጥ ባለበት ሴቶች ላይ በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ 5 ወር ሲሆን፣ ፉልቬስትራንት የተባለውን የቀድሞ መርፌ በወሰዱት ላይ 2.1 ወር ነበር። በአጠቃላይ ተሳታፊዎች ላይ ግን አሳማኝ ልዩነት አልታየም። እኔ ይህን ውጤት ውድቀት አልለውም፤ እንደ ድልም አላስጨበጭብለትም። ዘዴው ሰው ውስጥ እንደሚሠራ አሳይቷል፤ ፕሮቲንን ማጥፋት በራሱ ካንሰርን እንደማያቆምም እንዲሁ።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የምርጫው ጥበት ነው። ሰው ውስጥ ከ600 በላይ ኢ3ዎች እያሉ እስካሁን ወደ ሰው ሙከራ የደረሱት አስፈራሽ ሞለኪውሎች በአብዛኛው በሁለቱ ላይ ብቻ ነው የተመሠረቱት፤ በሴሬብሎንና በቪኤችኤል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚይዛቸው ሞለኪውል በእጅ አለ። ሁለቱም ግን በአብዛኞቹ የሰውነታችን ክፍሎች የሚገኙ ናቸው፤ ካንሰሩ ውስጥ የምናስጠፋውን ፕሮቲን ጤናማው ሕዋስ ውስጥም እናስጠፋዋለን። የካንሰር ሕዋስ በበኩሉ ኢ3ውን ራሱን በመጣል ማምለጥ ይችላል፤ ሌናሊዶማይድ የማይበግራቸው የማየሎማ ሕዋሳት አንዳንዶቹ ሴሬብሎናቸው የተበላሸ ሆኖ ተገኝቷል።

ኢ3ን በቦታው መምረጥ ምን እንደሚያተርፍ የሚያሳይ ምሳሌ ግን አለ። ቢሲኤል-ኤክስኤል ብዙ የካንሰር ሕዋሳት እንዳይሞቱ የሚከላከል ፕሮቲን ነው። ናቪቶክላክስ የተባለው መድኃኒት ያግደዋል፤ ችግሩ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም በሕይወት የሚቆዩት በዚሁ ፕሮቲን መሆኑ ነው። መድኃኒቱ ሲሰጥ ፕሌትሌት ይወርዳል፣ የመድማት አደጋ ይመጣል፣ መጠኑ ይቀነሳል። ተመራማሪዎች ይህንኑ መድኃኒት መነሻ አድርገው ቪኤችኤልን የሚጠራ ፕሮታክ ሠሩ። ፕሌትሌቶች ውስጥ ቪኤችኤል እጅግ ጥቂት ነው። የሚለጥፍ ስለሌለ ቢሲኤል-ኤክስኤል እዚያ ይተርፋል፤ ካንሰሩ ውስጥ ግን ይጠፋል። በ2019 የቀረበው ይህ ሞለኪውል፣ ዲቲ2216፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ሰው ሙከራ ተሻግሯል። አሁን በየቤተ ሙከራው እየተካሄደ ያለው ፍለጋ በአመዛኙ እንደዚህ ያለ ነው፦ በዕጢው ውስጥ ሞልቶ በልብና በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሌለ ኢ3 የትኛው ነው፣ ከተገኘስ ምን ይይዘዋል?